ፈጣን መኪናን ከቤንዚን ወደ ኤል ፒ ጂ መቀየር፦ ከጎንደር ባለ መኪናዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ያለው ሱባሩ ወይም ከፍ ባለ ዙር የሚሠራ ሆንዳ ያለው ሰው መኪናውን በመሰሉ የሚተካበት ዕድል ጠቧል። በዚህ ላይ የቤንዚን ሰልፍና ዋጋ ሲጨመርበት፣ «ይህን ሞተር በጋዝ ማስኬድ አይቻልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉ ጋራዦች መነሳቱ የሚገርም አይደለም። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አንዳንዶች እንደሚያስቡት በአንድ ቱቦና በአንድ ቧንቧ መክፈቻ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ በተደጋጋሚ የተጠየቅኋቸውን ከነምክንያታቸው አስፍሬያቸዋለሁ።

ኤል ፒ ጂ የሚባለው የትኛው ጋዝ ነው?

በከተማችን «ጋዝ» ሲባል አንዳንዱ ሰው ላምባን፣ ሌላው የወጥ ቤቱን ሲሊንደር ስለሚያስብ በመጀመሪያ ይህን መለየት ይገባል። ኤል ፒ ጂ ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉት ሁለት ጋዞች ድብልቅ ሲሆን፣ በመጠነኛ ግፊት ወደ ፈሳሽነት ስለሚለወጥ ብዙውን ጋዝ በትንሽ ቦታ መያዝ ይቻላል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ፣ ቡቴን ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይተናል። የወጥ ቤቱ ሲሊንደር የያዘውም ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ጋዝ ነው። በሌሎች አገሮች አውቶቡሶች የሚጠቀሙበት የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እርሱ ሜቴን ሲሆን እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በሚደርስ ግፊት በወፍራም ጋን ስለሚታመቅ፣ የአንዱን ዕቃ ለሌላው መግጠም አይቻልም።

መኪናዬ ጉልበቱ ይቀንሳል?

መልሱ በአገጣጠሙ ላይ የተመሠረተ ነው። በርካሽ የሚገኘው አሮጌው ዘዴ፣ በአየር ማስገቢያው አፍ ላይ በሚታሰር ማደባለቂያ ጋዙን ከአየር ጋር እያቀላቀለ ወደ ሞተሩ የሚልክ ነው። ይህ ዘዴ ለፈጣን መኪና አይሆንም፤ ማደባለቂያው ራሱ የአየሩን መንገድ ከማጥበቡም በላይ፣ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሞተሩ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው ቱቦ) በሙሉ በሚቀጣጠል ድብልቅ የተሞላ ስለሚሆን እሳት ወደ ኋላ ሲመልስ የአየር ማጣሪያውን ቤት እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል።

ከእርሱ የተሻለው ለእያንዳንዱ የሞተር ሲሊንደር የራሱ የጋዝ ኢንጀክተር (ነዳጁን እየመጠነ የሚረጭ አፍ) ያለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ዘዴ ነው። እዚህም ቢሆን ጋዙ ተንኖ ስለሚገባ ቦታ ይሻማል፤ ፕሮፔን በትክክለኛ ድብልቁ ከሚገባው መቶ እጅ 4 እጅ ያህሉን ይይዛልና ያን ያህል አየር ይቀራል። ቤንዚን ግን በጠብታ መልክ ስለሚገባ የሚይዘው ቦታ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሲተንም አየሩን ያቀዘቅዘዋል። በቱርቦ አልባ ሞተር ላይ ብዙዎች «ትንሽ ደከመብኝ» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ጋዙን ሳይተን፣ በፈሳሽነቱ እስከ ኢንጀክተሩ አድርሶ ማስገባት ነው። ፈሳሹ በማስገቢያው ውስጥ ሲተን ከአየሩ ሙቀት ስለሚወስድ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቀጠቃል፣ ሞተሩም የበለጠ ይሞላል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያ ለገበያ ያቀረበው ባለ 4 ሊትር ፋልከን ነው፦ በፈሳሽ ጋዝ የሚሠራው 198 ኪሎ ዋት ሲያወጣ፣ የቤንዚን ወንድሙ ያወጣ የነበረው 195 ኪሎ ዋት ነበር። እንግዲህ ጋዝ በባሕርዩ ደካማ ነዳጅ ነው የሚለው ወሬ እውነት አይደለም፤ የሚያደክመው አገጣጠሙ ነው።

በተጨማሪም የፕሮፔን ኦክቴን፣ ማለትም ማንኳኳትን (ነዳጁ ያለ ጊዜው በራሱ መፈንዳቱን) የመቋቋም መጠኑ፣ 112 አካባቢ በመሆኑ፣ ቤንዚን ገና ማንኳኳት የሚጀምርበትን ግፊትና ታይሚንግ (ብልጭታው የሚሰጥበትን ጊዜ) በምቾት ይሸከማል። ቡቴን ግን 94 አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ በድብልቁ ውስጥ የቡቴኑ ድርሻ እያደገ በሄደ ቁጥር ይህ ጥቅም ይሸረሸራል። ስለዚህ «ጋዝ ኦክቴኑ ከፍተኛ ነው» ብሎ ታይሚንጉን ወደ ፊት ከመግፋት በፊት፣ የሚቀዳው ጋዝ ምን ያህሉ ፕሮፔን እንደሆነ ከሻጩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የጎንደር ከፍታ ምን ለውጥ ያመጣል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ያነሰ በመሆኑም ሞተሩ በቤንዚን እንኳ የማንኳኳት ዝንባሌው ይቀንሳል፤ ስለዚህ የጋዙ ከፍተኛ ኦክቴን እዚህ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ የሚተነው ጋዝ የሚሻማው ቦታ ግን አስቀድሞ በቀነሰው አየር ላይ ይጨመራል። ቱርቦ የሌለውን መኪና ለጉልበት ብሎ ወደ ጋዝ መቀየር በጎንደር የማይመከረው ለዚህ ነው።

የቱርቦ ነገር ግን ይለያል። በባሕር ዳርቻ አንዱን ባር አየር ወደ 1.8 ባር ለማድረስ 1.8 እጥፍ ማመቅ ይበቃል፤ እዚህ ግን 0.78 ባሩን ወደዚያው መጠን ለማድረስ 2.3 እጥፍ ማመቅ ስለሚጠይቅ፣ ቱርቦው በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩም የበለጠ ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ ለማንኳኳት ዋነኛ ምክንያት ነው። ኦክቴኑ ከፍ ያለና ሲገባም የሚያቀዘቅዝ ነዳጅ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የከፍታ ጉዳይ መንገዳችን ነው። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በታች ገብቶ ጥቅጥቅ ያለና የሚያቃጥል አየር ይጠብቀዋል፤ ወደ ደባርቅ የሚወጣው ደግሞ ከጎንደርም ወደሳሳና ወደቀዘቀዘ አየር ይገባል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በከተማ መንገድ ብቻ ተስተካክሎ መለቀቅ የለበትም። ጎንደር ላይ ሳያንኳኳ የሚሮጥ ሞተር መተማ ላይ ሊያንኳኳ ይችላል፤ አስተካካዩ ባለሙያ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከባለ መኪናው ጋር ወደ ቆላው ወርዶ ንባቡን ማየት ይገባዋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

የወጥ ቤቱን ሲሊንደር በመኪናው ውስጥ አስሮ መጠቀም አይቻልም?

አይቻልም። ይህን በአጭሩ ብቻ ብናገር የሚሞክረው ሰው ስለማይጠፋ ምክንያቱን በሰፊው ላስረዳ።

የወጥ ቤት ሲሊንደር ጋዙን የሚሰጠው ከላይ፣ ከተነነው ክፍል ነው። ጋዝ በወጣ ቁጥር ከታች ያለው ፈሳሽ እየተነነ ይተካዋል፤ ለመትነኑ የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደውም ከራሱና ከብረቱ ነው። በሰርግ ቤት በትልቅ ምድጃ ላይ ወጥ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ የሲሊንደሩ ወገብ በመጀመሪያ ያልበዋል፣ ቀጥሎ ነጭ አመዳይ ይይዘዋል፣ እሳቱም ጋዙ ሳያልቅ ይደክማል። አንድ ምድጃ ይህን ካደረገ፣ 150 ኪሎ ዋት የሚያወጣ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 40 ኪሎ ግራም ያህል ጋዝ ስለሚፈልግ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ያን ያህል ጋዝ ለማትነን ያለማቋረጥ 4 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህም አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚስበውን ያህል ነው። ሲሊንደሩ ይህን ሙቀት ከየትም አያመጣውም። በመኪና ላይ የሚገጠመው ትክክለኛው ጋን ግን ፈሳሹን ከታች እየሰጠ፣ ማትነኑን በሞተሩ የራዲያተር ውኃ ለሚሞቀውና የጋዙን ግፊት ለሚቀንሰው ሪዲዩሰር ለተባለው ዕቃ ይተወዋል።

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ውስጥ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። የአንድ ኮሮላ የኋላ ኮፈን ሲከፈት ሲሊንደሩ በገመድ ታስሮ ተጋድሟል፤ የምድጃው ጎማ ቱቦ በመቀመጫው ሥር አልፎ በሽቦ ተጠፍሮ ወደ ሞተሩ ገብቷል። መኪናው በቆመበት በጸጥታ ይሠራ ነበር። ወደ ጎሃ አቀበት ሲወጣ ግን ማሳል ጀመረ፣ ቆመም። ኮፈኑን ስንከፍት ብረቱ እስከ ግማሹ ነጭ ሆኖ ጣት ይይዝ ነበር፤ ጭንቅላቱ ላይ ያለው የምድጃ ሬጉሌተርም በረዶ ለብሷል። ሲሊንደሩ በመጋደሙ ፈሳሹ ለተነነ ጋዝ ብቻ ወደ ተሠራው ሬጉሌተርና ጎማ ቱቦ ገብቶ ነበር ማለት ነው። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ፕሮፔን ሲተን 270 እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ ያ ቱቦ በሰዎች መቀመጫ ሥር ቢላቀቅ ኖሮ መኪናው ውስጥ የሚሆነውን ማሰብ ይከብደኛል። ባለቤቱ ጎበዝና ብልህ ወጣት ነው፤ የጎደለው ይህን የሚነግረው ሰው ብቻ ነበር።

ታዲያ በትክክል ሲሠራ ምን ምን ይገጠማል?

በመጀመሪያ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ጋን ያስፈልጋል፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን ዕቃ የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 67 ነው። ጋኑ ላይ ያለው የቫልቮች ስብስብ ከጋኑ 80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ የሚያቆም፣ ቱቦ ቢቆረጥ ፍሰቱን የሚዘጋ፣ ግፊቱ 27 ባር አካባቢ ሲደርስም የሚያስተነፍስ መሆን አለበት። 80 በመቶው ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ መፈናፈኛ እንዲኖረው ነው፤ ስለዚህ 60 ሊትር ተብሎ የተሸጠ ጋን የሚይዘው 48 ሊትር ነው።

ብዙ ሰዎች ክቡን ጋን በእስኮርታው ጎማ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይመርጣሉ። ዕቃ መጫኛውን ስለማይነካ ለከተማ መኪና መልካም ነው። ነገር ግን ወደ መተማ ወይም ወደ ሊማሊሞ ለሚመላለስ ሰው ያለ እስኮርታ መጓዝ ምን ማለት እንደሆነ የመንገዱ ጠጠር ያስተምረዋልና፣ ጎማው የት እንደሚቀመጥ ሳይወሰን ጋን መግዛት አይገባም።

ቀጥሎ ሪዲዩሰሩ ይመጣል። በፈጣን መኪና ላይ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ነው፤ ለ100 ፈረስ ጉልበት የተሠራውን ሪዲዩሰር ለ250 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚገጥም አለ። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ምንም አይሰማውም፤ ነዳጅ በሙሉ ሲረገጥ ግን ጋዙ ስለማይደርስ ድብልቁ ይሳሳል፣ የጭሱ ሙቀት ይወጣል፣ ቫልቭም ይቃጠላል። ጉልበታቸው ከፍ ያለ ሞተሮች ሁለት ሪዲዩሰር ጎን ለጎን ይገጠምላቸዋል። በቱርቦ ሞተር ላይ ደግሞ ሪዲዩሰሩ ከማኒፎልዱ ጋር በቀጭን ቱቦ ተገናኝቶ፣ የቱርቦው ግፊት ሲጨምር የጋዙም ግፊት አብሮ መጨመር አለበት።

ኢንጀክተሮቹም እንዲሁ በጥንቃቄ ይመረጣሉ። በደቂቃ 7,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር ሁለት ዙሩን በ17 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል፤ የጋዝ ኢንጀክተር ለመከፈት ብቻ ከዚህ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶችን ስለሚያባክን፣ ዘገምተኛና ጠባብ የሆነ ኢንጀክተር ከፍ ባለ ዙር ላይ የሞተሩን ፍላጎት አያሟላም።

ሞተሩ ራሱ ይጎዳል?

ጋዝ ካርቦን ስለማያበዛና ዘይቱን በቤንዚን ስለማያቀጥን፣ ለፒስተኑና ለዘይቱ ጥሩ ነዳጅ ነው። የጃፓን ታክሲዎች፣ በተለይም ቶዮታ ክራውን ኮምፈርት፣ ለብዙ ዓመታት በኤል ፒ ጂ የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚጎዳው የቫልቭ መቀመጫ ነው። ጋዝ ደረቅ ሆኖ ስለሚገባ መቀመጫው ለስላሳ ብረት ከሆነ እየተበላ ይሄዳል፤ ቫልቩ ወደ ቴስታታው እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠባል፣ በመጨረሻም በደንብ መዝጋት ያቅተውና ይቃጠላል። ከፍ ባለ ዙር የሚሠሩ አንዳንድ የጃፓን ሞተሮች በዚህ ይታወቃሉ። መድኃኒቱ ቴስታታውን አውርዶ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ነው፤ ይህ ካልሆነ ግን በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ የቫልቭ ክፍተት ማስለካትና ነዳጅ እስከ ወለሉ እየረገጡ ረጅም መንገድ ከመሄድ መቆጠብ ይገባል።

ካንዴላንም የሚመለከት ነገር አለ። የጋዝ ድብልቅን በብልጭታ ለማቀጣጠል ከቤንዚን የበለጠ ቮልቴጅ ስለሚጠይቅ፣ በቤንዚን ጊዜ ያልታየ የኮይል ድካም በጋዝ ጊዜ ይወጣል። የካንዴላውን ክፍተት ከ1.1 ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ብዙውን ጊዜ መቆራረጡን ያጠፋዋል።

በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭ ኢንጀክተር ያለው ዘመናዊ ሞተርስ?

የቤንዚን ኢንጀክተሩ ጫፍ በእሳቱ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ቤንዚን ካላለፈበት አይቀዘቅዝም። ስለዚህ በእነዚህ ሞተሮች ላይ በጋዝ እየተነዳም የተወሰነ ቤንዚን መቃጠሉ አይቀርም። ዕቃው ውድ፣ ሥራውም ረቂቅ ስለሆነ በከተማችን ባይሞከር ይሻላል።

ወጪው ያዋጣል?

አንድ ሊትር ኤል ፒ ጂ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስላለው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ መኪና 12 ወይም 13 ሊትር ጋዝ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ጋዝ የሚሸጠው በኪሎ ስለሆነ የሚከተለው ስሌት ይቀላል፦ አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ የ1.4 ሊትር ቤንዚን ያህል ይሠራል። የኪሎውን ዋጋ ለ1.4 ያካፍሉና ከሊትር ቤንዚን ጋር ያነጻጽሩት። የተገኘው ቁጥር ከቤንዚኑ ዋጋ ብዙም የማያንስ ከሆነ፣ የመግጠሚያው ወጪ ተመላሽ አይሆንም።

በዚሁ ስሌት 12.5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ከ17 እስከ 18 ሊትር ቤንዚን ይተካል፤ ያው መኪና በዚህ የሚሄደው 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር ለመድረስ እንኳ ያጠራጥራል። አንድ ቤተሰብ ለሳምንታት የሚያበስልበት ጋዝ በአንድ መንገድ ያልቃል ማለት ነው።

መፍሰሱን እንዴት አውቃለሁ? ምንስ ላድርግ?

ጋዙ በራሱ ሽታ ስለሌለው የሚከረፋ ቅመም ይጨመርበታል፤ ያ ሽታ በመኪና ውስጥ ከመጣ ቁልፉን አጥፍቶ መስኮቶቹን ከፍቶ መውጣት፣ የጋኑንም ቧንቧ በእጅ መዝጋት ያስፈልጋል። ፍተሻው በሳሙና አረፋ ነው፤ በብሩሽ በየመገጣጠሚያው ይቀባል፣ አረፋው ካበጠ ይፈስሳል። ክብሪት አብርቶ መፈለግ ዛሬም የሚያደርገው ሰው አለና፣ ፈጽሞ እንዳይደረግ እማጸናለሁ።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል የሚከብዱ መሆናቸው ነው። የፈሰሰ ጋዝ ወደ ላይ ተንኖ አይጠፋም፤ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። መካኒኮች ከመኪና ሥር የሚሠሩበት ጉድጓድ ደግሞ የጋራዡ ዝቅተኛ ቦታ ነው። የጋዝ መኪና በጉድጓድ ላይ ቆሞ፣ አጠገቡ ብየዳ እየተሠራ ማየት ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚያስፈራኝ ነገር ነው። የጋዝ ሥራ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሠራ።

ሊብሬና ቦሎስ?

የነዳጁ ዓይነት በሊብሬው ላይ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ኢንሹራንስዎም ለውጡን እንዲያውቅ ያድርጉ፤ ያልተነገረው ለውጥ አደጋ በደረሰ ጊዜ ካሳ ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ጎንደር ላይ አሁን ላስገጥም ወይ?

በከተማችን ማደያዎች የሚቀዳው ቤንዚንና ናፍጣ ነው። የመኪና ጋን ደግሞ በፈሳሽ መልክ፣ በፓምፕና በትክክለኛ አፍ የሚሞላ ዕቃ ነው፤ ሲሊንደር ገልብጦ ወደ ጋኑ ማንቆርቆር ከላይ የተናገርሁትን አደጋ በሌላ በር ማስገባት ነው። ስለዚህ ለዕለት ተዕለት መኪናዎ አሁን እንዲያስገጥሙ አልመክርም። ጋዙን በጅምላ ከሚያመጣ ድርጅት ጋር ውል ያላቸው፣ ብዙ መኪናዎች በአንድ ግቢ የሚያሳድሩ ማኅበራት ግን የራሳቸውን መሙያ በሕጋዊ ፈቃድ ካቋቋሙ ነገሩ ይለወጣል።

ቱርቦ ያለው መኪና ይዘው ለዚያ ጊዜ መዘጋጀት ከፈለጉ፣ አሁኑኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። የእያንዳንዱን የሞተር ሲሊንደር ኮምፕረሽን ያስለኩ፣ የቫልቭ ክፍተቱን አስለክተው ቁጥሩን በደብተር ይመዝግቡ፣ ራዲያተሩንና ቴርሞስታቱን ያስፈትሹ። ሞተሩ ሙቀቱን የማይጠብቅ ከሆነ ሪዲዩሰሩም አይሞቅም፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ደካማ ከሆነ ደግሞ መጠገን ያለበት በቤንዚን ላይ እያለ ነው፤ ከተቀየረ በኋላ ጥፋቱ ሁሉ በጋዙ ይሳበባልና።